ብርሃን ገብቶ ድምፅ ሲወጣ

ፎቶአኩስቲክ የሚባለው የምስል ዘዴ ሕያው አካል ላይ ብርሃን ልኮ ድምፅ ይቀበላል። የሚላከው እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ነው፤ የሚመለሰው ደግሞ የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ የአልትራሳውንድ ፕሮብ ግን የሚይዘው ረቂቅ ድምፅ ነው። በመካከል የሚሆነውን የአዳማ ነዋሪ በየቀኑ ይሰማዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ ስታገኝ ብረቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ከሚስማሩ ጋር እየታገለ ጧ ጧ ይላል። ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ጣሪያውን ሳያይ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ፀሐይ በየትኛው ጥግ እንዳረፈች መናገር ይችላል። በሕብረ ሕዋስ ውስጥም ብርሃኑን የመጠጠው ክፍል ሞቆ ይለጠጣል፤ መለጠጡ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም የድምፅ ሞገድ ሆኖ ወደ ቆዳ ይወጣል።

መጠኑ ግን ከጣሪያው ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንዱ ብልጭታ የሚቆየው ከ5 እስከ 10 ናኖሰከንድ ነው፤ አንድ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዚህች ቅጽበት ደም ላይ የሚጨመረው ሙቀት በሺኛ ዲግሪዎች ስለሚለካ ታማሚው የሚሰማው ሙቀት የለም። ያም ሆኖ የአንድ ሺኛ ዲግሪ ጭማሪ 800 ፓስካል ገደማ ግፊት ይፈጥራል፤ ይህ ለጥሩ ፕሮብ ከበቂ በላይ ነው። ብልጭታው ያን ያህል ያጠረበት ምክንያት አለው። በ10 ናኖሰከንድ ውስጥ ድምፅ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው 15 ማይክሮሜትር ብቻ፣ ማለትም ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀይ የደም ሕዋሳት ያህል ነው። ስለዚህ ግፊቱ ለመሸሽ ጊዜ ሳያገኝ በተፈጠረበት ቦታ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ያው ጉልበት ቀስ ብሎ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቢፈስስ አካሉ ሞቅ ይላል እንጂ የሚረባ ድምፅ አይወጣውም።

ሁለቱን ማጣመር ያስፈለገው ብርሃንም አልትራሳውንድም ለየብቻቸው የሚጎድላቸው ስላለ ነው። መብራት በጠፋ ማታ የሞባይል መብራት መዳፍ ሥር ቢደረግ ጣቶች ቀልተው ይበራሉ። ብርሃኑ ሥጋውን አልፎ መውጣቱ ግልጽ ነው፤ የአጥንቱ ቅርጽና የደም ሥሩ መስመር ግን አይለይም። ብርሃን በሥጋ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይሄድምና ነው። ከሕዋስ ሽፋን፣ ከኮላጅን ክር፣ ከስብ ጠብታ ጋር እየተጋጨ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ከዘለቀ በኋላ የተነሣበት አቅጣጫ ይጠፋበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ብርሃን ስለ ቀለም ብዙ ይናገራል፤ ስለ ቦታ የሚናገረው ግን እምብዛም ነው።

አልትራሳውንድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ድምፅ በሥጋ ውስጥ የሚበተነው ከብርሃን በመቶዎች፣ እንዲያውም በሺዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ስለሆነ የመጣበትን ቦታ በታማኝነት ይናገራል። በአዳማም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆስፒታሎች ዛሬ ጄል ተቀብቶ ሆድ ላይ የሚንሸራተተው ፕሮብ በየቀኑ ይሠራል፤ በጤና ጣቢያ ደረጃም አዋላጅ ነርሶች የሚይዙት አነስተኛ አልትራሳውንድ እየተለመደ ነው። መሣሪያው የሚለየው በጥግግትና በጥንካሬ የሚለያዩ ነገሮችን ነው፤ ጽንሱን፣ የሐሞት ጠጠሩን፣ ውኃ የቋጠረውን እባጭ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ኦክስጅን የጠገበ ደምና ኦክስጅኑ ያለቀበት ደም ግን ለድምፅ አንድ ናቸው። የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር ሲከፈት በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቀይና ሰማያዊም ደም ቅዳና ደም መልስን አያመለክትም፤ ወደ ፕሮቡ የሚመጣውን ፍሰት ከሚርቀው ለመለየት ኮምፒውተሩ የቀባው ቀለም ነው።

ፎቶአኩስቲክ እንግዲህ ሥራውን ለሁለቱ ያከፋፍላል። ብርሃኑ እሱን የሚመጥጠውን ነገር በቀለሙ ይመርጣል፤ ድምፁ ያ ነገር የት እንዳለ ይናገራል። ብርሃኑ ወደ ውስጥ ሲሄድ ቢበተንም ችግር የለም፤ የትም ዞሮ ይድረስ፣ ከደም ሥሩ ከደረሰ በቂ ነው። ቦታውን የሚወስነው የመልስ ጉዞው ነው፤ የመልስ ጉዞው ደግሞ በድምፅ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከቆዳ ሥር 3 ሳንቲሜትር ላይ ያለ የደም ሥር ብልጭታው ከአንድ ናኖሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ለስሌት ዜሮ ቢባል አያሳስትም። ድምፁ ግን በሰከንድ 1,540 ሜትር እየተጓዘ ቆዳ ላይ ለመድረስ ከ19 ማይክሮሰከንድ በላይ ይወስዳል። ተራ አልትራሳውንድ ድምፁን ራሱ ልኮ ማሚቶውን ስለሚጠብቅ ለዚያው ጥልቀት እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። በፕሮቡ ላይ በረድፍ የተደረደሩት አድማጮች ብዙ ጊዜ 128 ናቸው፤ እያንዳንዱ ድምፁን የሚሰማበት ቅጽበት በጥቂቱ ይለያያል፤ ኮምፒውተሩ ከእነዚህ ልዩነቶች የምንጩን ቦታ ያሰላል። የምስሉ ጥራትም የሚወሰነው በድምፁ ነው፤ 5 ሜጋኸርዝ የሚያዳምጥ ፕሮብ ከሆነ ሞገዱ 0.3 ሚሊሜትር ርዝመት ስላለው የሚለየውም ከዚያ ብዙ ያላነሰ ነገር ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ያው ፕሮብ ሁለቱንም መሥራቱ ነው። የሌዘሩ የብርሃን ገመድ ከፕሮቡ ግራና ቀኝ ይታሠርና በአንዱ ቅጽበት የተለመደው ጥቁርና ነጭ ምስል፣ በሌላው የደሙ ምስል ይወሰዳል፤ ሁለቱ በስክሪኑ ላይ ይደራረባሉ።

ጥልቀት ዋጋ ያስከፍላል። ለሥጋ ምቹ የሆነው ከቀይ ወዲያ ያለው ብርሃን እንኳ በየሳንቲሜትሩ ወደ ሲሶው ገደማ ይወርዳል፤ 4 ሳንቲሜትር ላይ የሚደርሰው ከሃምሳ አንድ እጅ አይበልጥም። የሌዘሩን ኃይል እንዳሻ መጨመር አይቻልም፤ ዓለም አቀፍ የደኅንነት መመሪያ ቆዳ ላይ በአንድ ብልጭታ የሚፈቅደው ለሚታየው ብርሃን በካሬ ሳንቲሜትር 20 ሚሊጁል፣ የሞገድ ርዝመቱ 1,064 ናኖሜትር ለሆነው ደግሞ እስከ 100 ሚሊጁል ነው። ስለዚህ መላ ሆድን ዘልቆ ማየት የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። ፎቶአኩስቲክ የሚያምርበት ከቆዳ ሥር ባሉት ጥቂት ሳንቲሜትሮች ነው፦ ጡት፣ ታይሮይድ፣ የእጅ መገጣጠሚያ፣ ቁስል፣ የአንገት ደም ሥር።

ክስተቱ ራሱ ከሌዘር በፊት የታወቀ ነው። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ጋር ድምፅን በፀሐይ ጨረር የሚያስተላልፍ መሣሪያ እየሠራ ነበር። በሙከራው መሐል በሚሽከረከር ቀዳዳማ ሰሌዳ እየተቆራረጠ የሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ጠጣር ነገሮችን በራሱ ድምፅ እንደሚያሰጣቸው ደረሱበት። ጎማም፣ ብረትም፣ ወረቀትም ዘመረ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው ደግሞ ጥቀርሻ ነበር፤ ጠቆር ያለ ነገር ብርሃን አብዝቶ ይመጥጣልና ድምፁም ይጎላል። ይህ የጥቀርሻ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በሰው ቆዳ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ቤል ራሱ ግን ግኝቱን ለሕክምና አላሰበውም፤ ሊያስበውም አይችልም ነበር፤ ናኖሰከንድ የሚቆጥር ሌዘርና የአልትራሳውንድ ፕሮብ እስኪመጡ መጠበቅ ነበረበት። በሕያው አካል ላይ የመጀመሪያዎቹ አሳማኝ ምስሎች የወጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ21ኛው መባቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሊሆንግ ዋንግ ቡድን በአሜሪካ የአይጥን አንጎል ቆዳውንና ራስ ቅሉን ሳይከፍት አሳየ፤ የአይጡ ጢም ሲነካ በየትኛው የአንጎል ክፍል ደም እንደሚበዛ ጭምር ታየ። ከ15 ዓመት በኋላ የዚሁ ሳይንቲስት ቡድን የሴት ጡትን የደም ሥሮች በአንድ ትንፋሽ፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ አንሥቷል።

የደም ቀለም

በሥጋ ውስጥ ብርሃን የሚጠጡ ነገሮች ብዙ አይደሉም። ውኃ፣ ስብ፣ ሜላኒንና ሄሞግሎቢን ዋናዎቹ ናቸው፤ ከእነዚህ ደግሞ ለሐኪም ብዙ የሚናገረው ሄሞግሎቢን ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን ደማቅ ቀይ ነው፤ ኦክስጅኑን ያወረደው ወደ ጥቁር ቀይ ይሄዳል። ልዩነቱ ዓይን በማያየው የቀለም ክልልም ይቀጥላል። 750 ናኖሜትር አካባቢ ባዶው ሄሞግሎቢን ይበልጥ ይመጥጣል፤ 850 ላይ የተሸከመው ይበልጣል፤ 800 ገደማ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ስለዚህ አንዱን የደም ሥር በሁለት ወይም በሦስት ቀለማት ተራ በተራ መትቶ የድምፁን ጉላት ማወዳደር በዚያ ቦታ ያለው ደም ስንት በመቶ ኦክስጅን እንደያዘ ለማስላት ያስችላል። ዕጢ ያለበት ቦታ ብዙ የተወላገዱ የደም ሥሮች ይኖሩታል፤ ኦክስጅኑም በፍጥነት ይበላል። የተቆጣ መገጣጠሚያ ደም ይበዛበታል፤ የስኳር ሕመምተኛ የማይድን የእግር ቁስል ደግሞ ደም ያንሰዋል። ሦስቱም በአንድ መለኪያ ሊታዩ ይችላሉ ማለት ነው።

የዚህ መለኪያ ታላቅ ወንድም በየሆስፒታሉ አለ። ጣት ላይ እንደ መቆንጠጫ የሚያዘው የኦክስጅን መለኪያ፣ መርሁ በጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘ ሲሆን፣ በሁለት ቀለም፣ ብዙውን ጊዜ በ660ና በ940 ናኖሜትር፣ ጣትን አልፎ የወጣውን ብርሃን ያነጻጽራል። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ የጣቱ መለኪያ ከልብ ምት ጋር የሚርገበገበውን የደም ቅዳ ደም በጅምላ ይለካል፣ የት እንዳለ አያውቅም። ፎቶአኩስቲክ እያንዳንዱን የደም ሥር፣ ደም መልሱንም ጭምር፣ ለብቻው ይጠይቃል። አንድ አካል ክፍል ኦክስጅን ስንት እንደ ደረሰው ብቻ ሳይሆን ስንቱን እንደተጠቀመ የሚታወቀው መግቢያውና መውጫው ሲነጻጸሩ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ሲንትያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም፤ የኦክስጅን ሙሌታቸውም በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ተራራ ሕዝቦች ደማቸውን እያወፈሩ፣ የቲቤት ሰዎች በዝቅተኛ ሙሌት እየኖሩ ከፍታን የተላመዱበት መንገድ ይታወቅ ስለነበር የኢትዮጵያው ሦስተኛ መንገድ ሆኖ ተቆጠረ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን በሰሜን ከሚኖሩት አማሮች ከፍ እንደሚል አሳየ። ኦሮሞዎች ወደ ባሌ ከፍታ ከወጡ 500 ዓመት ገደማ ነው፤ በሰሜኑ ከፍታ የሰው ኑሮ በሺዎች ዓመታት ይቆጠራል። ከባሌ ደጋ ወርዶ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ በምትለው አዳማ ለሚሠራ ሰው ሰውነቱ ኦክስጅኑን በየሕብረ ሕዋሱ እንዴት እንደሚያከፋፍል በጣት መለኪያ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይወጉ ለመመለስ ከተስፈኞቹ መሣሪያዎች አንዱ ፎቶአኩስቲክ ነው።

የቆዳ ቀለም

እዚህ ላይ የቤል ጥቀርሻ ይመለሳል። ሜላኒን ከሁሉም በላይ ከቆዳው ፊት፣ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ብዙ በማይበልጥ ስስ ሽፋን ውስጥ ተቀምጧል፤ ማንኛውም ብርሃን ደም ጋር ከመድረሱ በፊት እሱን ማለፍ ግድ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል፣ የጥልቁ ድምፅም ይደክማል።

ሁለተኛው ያን ያህል ግልጽ ባይሆንም የባሰ ነው። ሜላኒኑ ራሱ ይጮኻል። ከቆዳው የሚነሣው ብርቱ ድምፅ ወደ ፕሮቡ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይጓዛል፤ አጥንት ወይም ጅማት ሲያገኝ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ከጥልቀት የመጣ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩም ደም በሌለበት ቦታ የደም ሥር ይሥላል። ልምድ የሌለው ተመልካች ይህን ጥላ እንደ እውነተኛ ምስል ሊያነበው ይችላል። ሦስተኛው በስሌቱ ላይ የሚያርፍ ነው። ሜላኒን አጭር ሞገዶችን ይበልጥ፣ ረጅም ሞገዶችን ባነሰ መጠን ስለሚመጥጥ ከውስጥ የሚደርሱት ሁለት ቀለማት እኩል አይደሉም። መሣሪያው ግን እኩል ደረሱ ብሎ ካሰበ የኦክስጅኑ መቶኛ ይዛባል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አለመሆኑን የጣቱ መለኪያ ራሱ አሳይቷል። በኮቪድ ወረርሽኝ መሐል፣ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የሚቺጋን ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት የመለኪያውን ንባብ ከደም ቅዳ ከተቀዳ ደም ጋር አነጻጽሮ ነበር። መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ፣ ማለትም ደኅና ነው፣ ባለባቸው ታማሚዎች ውስጥ እውነተኛው ሙሌት ከ88 በመቶ በታች የነበረው ከነጮቹ 3.6 በመቶው፣ ከጥቁሮቹ ግን 11.7 በመቶው ነበር። መለኪያው በገበያ ላይ ከዋለ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ የሚያገለግለው መቆንጠጫ የመጣው ከዚያው ገበያ ነው፤ ስለዚህ ንባቡ ከታማሚው አተነፋፈስና ከሐኪሙ ዓይን ጋር ካልተስማማ ቁጥሩን ብቻ ማመን አይበጅም።

ፎቶአኩስቲክ ገና ሥር ሳይሰድ ይህን ማረም ይቻላል፤ አንዳንዱም ተጀምሯል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሙይናቱ ቤል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን መፍትሔ ያሳየው ምስሉን የሚገነባውን ስሌት በመቀየር ነው። የተለመደው ስሌት የድምፁን ጉላት ይደምራል፤ እነሱ ያቀረቡት ግን ጎን ለጎን ያሉት አድማጮች የሰሙት ድምፅ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያያል። ከእውነተኛ የደም ሥር የመጣ ድምፅ ለሁሉም ተመሳሳይ ቅርጽ ይዞ ይደርሳል፤ የቆዳው ጫጫታ አይስማማም። በዚህ መንገድ በጥቁር ቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች በግልጽ ወጥተዋል። ሌላው መፍትሔ ሞገዱን ማርዘም ነው፤ 1,064 ናኖሜትር ላይ ሜላኒን የሚመጥጠው ብርሃን በጣም ያንሳል። የሚለካበትን ቦታ መምረጥም ይረዳል፤ የመዳፍና የእግር ጫማ ቆዳ በሁሉም ሰው ላይ ሜላኒኑ ያነሰ ነው።

የሚቀረው የፈተናው ነገር ነው። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የፊትዝፓትሪክ ሚዛን ቆዳን በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ ሲነሣ ነጭ ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ ለመለየት የተዘጋጀ ሲሆን ጠቆር ያሉት ደረጃዎች ኋላ የተጨመሩ ናቸው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደረጃዎች ውስጥ ይታጨቃል፤ ከጋምቤላ እስከ አርሲ ያለው የቀለም ስፋት በሁለት ቁጥር ሊገለጽ አይችልም። መሣሪያ በኢትዮጵያ ሲፈተሽ ቀለሙን በዓይን ገምቶ ከመመደብ በመለኪያ መለካት የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ከሌዘሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ወባን በድምፅ

ስምጥ ሸለቆን በተመለከተ ከሁሉ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ወባ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምርና የቆቃ ግድብ በ1960 ሲጠናቀቅ የአዋሽ ውኃ ለሸንኮራና ለመብራት ዋለ፤ ትንኝም ውኃ አላጣችም። በቆቃ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ከሐይቁ ዳር ያሉ መንደሮች ርቀው ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። የወባ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ማዕከል በአዳማ፣ በቀድሞ ስሟ በናዝሬት፣ መሆኑም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የወባ ጥገኛ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ይበላል። ከምግቡ የሚተርፈው ብረት አዘል ክፍል ለራሱ መርዝ ስለሆነ ወደ ክሪስታል ይለውጠዋል፤ ክሪስታሉ ሄሞዞይን ይባላል። በማይክሮስኮፕ ወባ የሚያይ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ያውቀዋል። አልፎንስ ላቬራን በአልጄሪያ የወባን ጥገኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይህንኑ ጥቁር ቅንጣት ሲከታተል ነበር፤ ዓመቱም 1880፣ ቤል ብርሃን ድምፅ እንደሚሰጥ የደረሰበት ያው ዓመት ነው። ሁለቱ ግኝቶች ለመገናኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ሄሞዞይን ብርሃን አጥብቆ ስለሚመጥጥ የተለከፈው ሕዋስ በሌዘር ሲመታ ከጤነኛው ይበልጥ ይሞቃል፤ ድምፁም ቅርጹ ተለይቶ ይሰማል። በአሜሪካ አርካንሳስ በቭላድሚር ዛሮቭ ቡድን የተሠራው ሳይቶፎን የተባለው መሣሪያ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ደም አይቀዳም፤ እጅ ላይ ከቆዳ ሥር የሚሮጠው ደም መልስ በሌዘር እየተመታ አንድ በአንድ የሚያልፉት ቅንጣቶች ይደመጣሉ። መሣሪያው በካሜሩን ወባ በያዛቸው አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል፤ ለደኅንነት 10፣ ለብቃት ደግሞ 20 ሰዎች ተሳትፈዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ፋይዳው ግን ሙከራው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ መደረጉ ነው፤ የሜላኒኑን ጫጫታ አልፎ ደሙን መስማት እንደሚቻል ታይቷል።

ለኢትዮጵያ ይህ የሚያጓጓበት ሌላ ምክንያት አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የቆየው ፈጣን መመርመሪያ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት ያውቅ የነበረው ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደ ጥናት ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ጥገኞች እየተስፋፉ መሆናቸውን አረጋግጧል፤ እነዚህ ጥገኞች ከመመርመሪያው ያመልጣሉ። ሄሞዞይንን ግን ሊጥሉት አይችሉም፤ ካልሠሩት በራሳቸው ምግብ ይመረዛሉ። የዘዴው ድካም ደግሞ በጥገኛው ዕድሜ ላይ ነው። ፋልሲፓረም ሲጎለምስ በጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከዝውውር ይወጣል፤ በቆዳ ሥር የሚያልፈው ገና ለጋው፣ ሄሞዞይኑ ኢምንት የሆነው ነው። በኢትዮጵያ ሰፊ ድርሻ ያለው ሌላው የወባ ዓይነት ቫይቫክስ ግን ጎልምሶም በደም ውስጥ መዞሩን አይተውም። በመርህ ደረጃ ስምጥ ሸለቆ ለዚህ መሣሪያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሻለ መፈተኛ ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሆስፒታል

እስካሁን ከሆስፒታል ደጅ የደረሰው የጡት ምርመራው ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ የሚሠራው ኢማጂዮ የተባለ መሣሪያ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አግኝቷል። በእጅ የሚያዘው ፕሮብ አልትራሳውንድ ከማንሣቱ ጋር በ757ና በ1,064 ናኖሜትር ይበራል፤ በአልትራሳውንድ ለታየ እባጭ የደም ሥሮቹ ብዛትና የኦክስጅን ሁኔታ ይታከልበታል። ሐሳቡ ናሙና መወሰድ ያለበትን እባጭ መወሰድ ከማያስፈልገው በተሻለ መለየት ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎቹም የሚመጡት ከገፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር ከአዳማ መቶ ኪሎሜትር፣ ከባሌ ደግሞ ከዚያ እጅግ የራቀ መንገድ ነበር። ለእንዲህ ያለ ችግር አዲስ የምስል መሣሪያ ፍቱን መድኃኒት ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ዋናው ማነቆ ቀድሞ መምጣትና ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት ማግኘት ነው። ማሞግራም በማይቀናበት የወጣት ሴት ጥቅጥቅ ያለ ጡት ላይ ግን አልትራሳውንዱ የመጀመሪያ ምርጫ ስለሆነ በዚያው ፕሮብ ላይ የሚጨመር መረጃ ቦታ አለው።

በኢትዮጵያ ፎቶአኩስቲክ ወደ መደበኛ ሕክምና ገና አልገባም፤ በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን በአብዛኛው የምርምር መሣሪያ ነው። ትልቁ ወጪ ሌዘሩ ነው። ቀለም የሚቀያይር የናኖሰከንድ ሌዘር ውድ፣ ከባድና ለሙቀትና ለንዝረት ስስ ነው፤ ውስጡ ያሉት መስታወቶች በጥቂቱ ከተንሸራተቱ የሚያስተካክል ባለሙያ ይፈልጋል። ክፍሉ መዘጋት አለበት፤ ሐኪሙም ታማሚውም የሞገዱን ዓይነት የሚከለክል መነጽር ያደርጋሉ፤ መብራት ሲቆራረጥ መሣሪያው ይጎዳል። እነዚህ ሁሉ በአዳማ ሙቀትና የኃይል አቅርቦት ውስጥ የሚታሰቡ ናቸው።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ከተሞች የሚቀርበው መንገድ ሌዘሩን በኤልኢዲ የተካው ነው። በጃፓን የተሠራውና አኩስቲክኤክስ የሚባለው መሣሪያ በፕሮቡ ጎንና ጎን የኤልኢዲ ረድፍ ይዟል። የኤልኢዲ ብልጭታ ከሌዘር እጅግ የደከመ ነው፤ ድካሙን የሚያካክሰው በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየበራ የተሰማውን በመደመር ነው። በዚህም ከቆዳ ሥር ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ድረስ የደም ሥር ማሳየት ይችላል፤ ጥልቀት ላለው ዕጢ አይበቃም። ለዓይን የሚያሰጋው ከሌዘር ስለሚያንስ ክፍሉን መዝጋት ግድ አይሆንም፤ የሚስተካከል መስታወትም የለውም። ለጣት መገጣጠሚያ፣ ለእግር ቁስል፣ ለእጅ አንጓ ደም ሥር የሚደርሰው ጥልቀት በቂ ነው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን የኤልኢዲው ብርሃን ከመነሻው ትንሽ ስለሆነ ሜላኒን የሚወስደው ድርሻ ከሌዘሩ ይልቅ እዚህ ላይ ይጎዳል። ለእንዲህ ያለ ቆዳ የሚሠሩ ረድፎች ወደ ረጅሙ ሞገድ ማዘንበል፣ ስሌታቸውም የድምፅን መመሳሰል የሚያየው ዓይነት መሆን ይኖርበታል።